ምድጃው የማን ነው? ስለ ሙራባሃ ውል ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ከደሴ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። ሙራባሃ ባንኩ ዕቃ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ የሚሸጥበት ውል ነው፤ ወዲዓ የአደራ ሒሳብ፣ ሙዳራባ ደግሞ የሽርክና ሒሳብ ነው።

«ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። ኦቭኑ አርጅቷል፤ ሊጥ ማቡኪያውም በየሳምንቱ ይቆማል። የአዲስ ኦቭንና የማቡኪያ ፕሮፎርማ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ 2 ሚሊዮን ብር ናቸው። ወለድ ስለማልነካ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ወደሚሰጥ ባንክ ሄድኩ። 500 ሺህ ከራሴ፣ ቀሪው 1.5 ሚሊዮን በሙራባሃ፣ ክፍያው በ3 ዓመት ይሆናል ተባልኩ። ትርፉ በዓመት 17 በመቶ ነው አሉኝ። ሲደመር ዕዳዬ 2,265,000 ብር ሆነ፤ በወር 62,917 ማለት ነው። ጎረቤቴ ይህንኑ ያህል ብር ከመደበኛ ባንክ በ17 በመቶ ወለድ ለ3 ዓመት ተበድራለች። የእሷ ወርሃዊ ክፍያ ከእኔ ያንሳል። የባለቤቴ ወንድም ‹ወለዱን ጀለቢያ አልብሰው ነው የሚሰጡሽ› እያለ ይስቅብኛል። ዳቦ ቤቱ በወር ተጣርቶ 140 ሺህ ገደማ ይተርፈኛል። በወዲዓ ሒሳቤ 900 ሺህ ብር አለ፤ እሱንም ወደ ሙዳራባ አዙሪው ተብያለሁ። ልፈርም ወይስ ልተወው?»

በዚህ ዋጋ አይፈርሙ። ሙራባሃውን ግን አይተዉት።

እዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው ውሉ ሐላል ነው ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ዋጋው ውድ ነው ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛውን አይመልስም። ሐላል የሆነ ነገርም ውድ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋ ቤት ሄደው ያውቁታል።

ከባለቤትዎ ወንድም ልጀምር። ቀልዱ ያስቃል፤ ግን ስቷል። ወለድ የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ነገሩን ያስረዳል። ከመውለድ የመጣ ነው። ብር ብርን ይወልዳል። እስልምና የሚከለክለው ይህን ነው፤ ዕዳ ቁጭ ብሎ ሌላ ዕዳ እንዲወልድ። መሸጥንና ማትረፍን አይከለክልም። ቁርአን በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 275 ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነሳቸዋል። መሸጥ ተፈቅዷል፤ ሪባ ተከልክሏል። በእኛ አማርኛ ሪባ «አራጣ» ተብሎ ስለሚተረጎም ብዙ ሰው የሰፈር አበዳሪ ከልክ በላይ የሚያስከፍለው ብቻ ይመስለዋል። አብዛኞቹ ዑለማዎች (የእስልምና ሊቃውንት) ግን የባንክ ወለድንም እዚያው ውስጥ ይከቱታል። «ትንሽ ከሆነ ምን አለበት» የሚለው ክርክር እዚህ ቤት አይሠራም።

በዱቤ የሚሸጥ ዕቃ ከእጅ በእጅ መወደዱስ? ይህ የተፈቀደ ነው። አራቱም መዝሀቦች፣ ማለትም የሱኒ የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ ያውቁታል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው። ዋጋው ውሉ ሲፈረም አንዴ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ብር አይጨምርም። እርስዎ 2,265,000 ብር ብለው ከፈረሙ፣ በሁለተኛው ዓመት የባንኮች የማበደሪያ ወለድ ጣሪያ ቢነካ የእርስዎ ዕዳ ያው ነው። የጎረቤትዎ ውል ግን ባንኩ ወለዱን እንዲያሻሽል የሚፈቅድ አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። ውሏን ታንብበው። ብዙ ተበዳሪ ያንን መስመር የሚያየው ደብዳቤ ሲደርሰው ነው።

ባንኩ የትርፉን መጠን ሲወስን የመደበኛ ባንኮችን ወለድ ማየቱም የሚያስገርም አይደለም። ዑለማዎች ባይወዱትም ውሉን ያፈርሰዋል አይሉም። የሐላል ሥጋ ነጋዴም ዋጋ የሚያወጣው የጎረቤቱን ሱቅ አይቶ ነው።

እንግዲህ ቁም ነገሩ የመቶኛው ቁጥር ላይ አይደለም። ቁም ነገሩ «ምድጃው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ሙራባሃ ብድር አይደለም። ሽያጭ ነው። ባንኩ ብር አይሰጥዎትም። ኦቭኑን በራሱ ስም፣ በራሱ ገንዘብ ይገዛል። የራሱ ካደረገ በኋላ የገዛበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ ለይቶ ነግሮ ለእርስዎ ይሸጣል። ሙራባሃ ሻጩ የገዛበትን ዋጋ የመናገር ግዴታ ያለበት ሽያጭ ነው። በሁለቱ ሽያጮች መካከል ትንሽም ብትሆን አንድ ጊዜ አለች፤ ምድጃው የባንኩ የሆነበት ጊዜ። ሸሪዓው ትርፉን የሚፈቅደው ለዚያች ጊዜ ሲባል ነው። በዚያች ጊዜ ዕቃው ቢሰበር የባንኩ ነው የተሰበረው።

ለእርስዎ ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ኦቭኑ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ጣርማ በር ላይ ጭነቱ ተናግቶ የኦቭኑ በርና መስታወት ቢረግፍስ? የሽያጩ ውል ከእርስዎ ጋር ገና ካልተፈረመ ኪሳራው የባንኩ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ተፈርሞና ተረክበው ከሆነ ግን የእርስዎ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያውም ይቀጥላል። ስለዚህ ርክክቡ የት እንደሚሆን በውሉ ይጻፍ። «ደሴ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ» ቢል ደስ ይለኛል። ባንኩ ለመንገዱ ኢንሹራንስ ገብቶ ወጪውን በዕቃው መግዣ ላይ ቢደምር መብቱ ነው።

የእነዚህ ቀኖች ቅደም ተከተል ቀልድ እንዳልሆነ ያወቅኩት ባንክ ቤት ስሠራ ነው። አንድ የወፍጮ ፋይል ነበር። ደንበኛው ጥሩ ሰው፣ ወፍጮውም ደህና ወፍጮ። ከደንበኛው ጋር የተደረገው ሽያጭ የተፈረመው ማክሰኞ ነው። ባንኩ ወፍጮውን ከአስመጪው የገዛበት ደረሰኝ ግን የሐሙስ ቀን ይዟል። የሸሪዓ ኦዲተሩ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየን። ሁለት ቀን ብቻ። ነገር ግን ባንኩ ማክሰኞ ዕለት የሸጠው የራሱ ያልሆነን ነገር ነው። ትርፉ በሙሉ ከባንኩ ገቢ ወጥቶ ወደ በጎ አድራጎት ሒሳብ ዞረ። ፋይሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሳይ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው።

በዚህ ምክንያት ከወለድ ነፃ ባንክ ውስጥ ከሒሳብ ባለሙያው ሌላ የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው ጸሎት የሚያደርግ ጌጥ አይደለም። የውሎቹን ዓይነት ያጸድቃል፤ የተሠራውን ያስመረምራል፤ የተበላሸ ገቢ ካለ ያስወጣል። የሚከተሉት መለኪያም ብዙ ጊዜ መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው አዮፊ የሚባለው ድርጅት ያወጣቸው የሒሳብና የሸሪዓ ደረጃዎች ናቸው።

ቢዘገዩስ? እዚህ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በመደበኛ ብድር ያልተከፈለ ወለድ ዋናው ላይ ተደምሮ እሱም ሊወልድ ይችላል። በሙራባሃ ዕዳው አያድግም። አውቆ ለሚያዘገይ ሰው ውሉ ቅጣት ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ቅጣቱ ግን ለበጎ አድራጎት ነው የሚሄደው። ባንኩ ከእርስዎ መዘግየት አያተርፍም። በእውነት ለተቸገረ ሰው ደግሞ የዚያው ምዕራፍ አንቀጽ 280 እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ ይሰጠው ይላል። ክፍያው በሌላ አንድ ዓመት ቢራዘምልዎት፣ ለተራዘመበት ተብሎ ዋጋ አይጨመርም። የሚጨምር ባንክ ካጋጠመዎት ያን ጊዜ የባለቤትዎ ወንድም ልክ ናቸው።

ይህ ማለት ግን ባንኩ ዝም ብሎ ያያል ማለት አይደለም። «ከወለድ ነፃ ከሆነ መያዣ ለምን?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። መያዣ በሸሪዓ የተፈቀደ ነው። ቤትዎን አስይዘው መክፈል እየቻሉ ካልከፈሉ ቤቱ ይሸጣል። ነፃው ወለዱ ነው እንጂ ዕቃው አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። የእርስዎ ሕመም ያለው እዚህ ነው።

ጎረቤትዎ 1.5 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ለ3 ዓመት ከተበደረች፣ ወርሃዊ ክፍያዋ 53,480 ብር አካባቢ ነው። በሦስት ዓመት የምትከፍለው ወለድ 425 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። የእርስዎ ትርፍ 765 ሺህ ነው። የ340 ሺህ ብር ልዩነት አለ። ሁለታችሁም ግን «17 በመቶ» ተብላችኋል። ይህን ልዩነት ሃይማኖት አላመጣውም። የሒሳብ አሠራር ነው ያመጣው።

የጎረቤትዎ በሚቀንሰው ዕዳ ላይ ነው የታሰበው። የእርስዎ ደግሞ የባንክ ሰዎች ፍላት በሚሉት መንገድ ነው። 1.5 ሚሊዮን በ17 በመቶ ሲባዛ 255 ሺህ፤ በሦስት ዓመት 765 ሺህ። ችግሩ እርስዎ 1.5 ሚሊዮኑን ለሦስት ዓመት አይዙትም። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እየመለሱ ነው። በሦስተኛው ዓመት በእጅዎ የቀረው ትንሽ ነው፤ ትርፉ ግን ያኔም በሙሉው ላይ ተቆጥሯል። ይህ የእርስዎ 17 በመቶ ጎረቤትዎ በምትከፍልበት አሠራር ቢመነዘር ወደ 29 በመቶ ይጠጋል።

ውሉን ሐራም ያደርገዋል? አያደርገውም። ሻጭ በፈለገው ዋጋ ይሸጣል፤ ገዢም አልፈልግም ብሎ መሄድ ይችላል። ነገር ግን መቶኛ ተናግሮ እንዴት እንደታሰበ አለመናገር ከንግድ ሥነ ምግባር ጋር አይሄድም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ስንት በመቶ?» ብለው አይጠይቁ። «በጠቅላላው ስንት ብር እከፍላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሙራባሃ ዕቃ መግዛት ነው ብለናል። ዕቃ ሲገዙ ደግሞ የሚጠይቁት ብሩን ነው። በሚቀንስ ዕዳ የሚያሰሉ ከወለድ ነፃ አገልግሎቶችም አሉ።

ባንኩ ራሱን መከላከል ይችላል። በከፊል እውነት አለው። መደበኛ ባንክ ትርፍ ጥሬ ገንዘብ ሲኖረው የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ይገዛል፤ ሲያጥረው ከሌላ ባንክ በወለድ ይበደራል። ከወለድ ነፃ ለሆነ ባንክ ሁለቱም በሮች ዝግ ናቸው። ስለዚህ ለክፉ ቀን ብሎ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ብዙ ብር ይይዛል። ሌላ አገር ለዚህ መላ ፈልገዋል። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ1994 ባንኮች ያለወለድ ገንዘብ የሚለዋወጡበት ገበያ ከፈተች። ባሕሬን በ2001 መንግሥት የሚያወጣው ሱኩክ ጀመረች፤ ሱኩክ ማለት ባለቤቱ ወለድ ሳይሆን ከአንድ ንብረት ወይም ንግድ ገቢ ድርሻ የሚያገኝበት ሰነድ ነው። የእኛ አገር መንገድ ገና አጭር ነው። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ለአገልግሎቱ በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ያውም በመደበኛ ባንክ ውስጥ በመስኮት ብቻ። ሙሉ ለሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ የተፈቀደው በ2019 ሲሆን፣ ዘምዘም ባንክ በ2021 በሩን ከፈተ፤ ሂጅራም ተከተለ።

በመስኮት የሚሠራ ባንክም ከወለድ ነፃ የሆነውን ገንዘብ ከሌላው ጋር መቀላቀል የለበትም። ሒሳቡ ለየብቻ ይያዛል። አንድ ቅርንጫፍ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት መዝገብ። ይህም ወጪ አለው።

እሺ። ሆኖም ሌላውን ጎን እንየው። የእርስዎ 900 ሺህ ብር ወዲዓ ውስጥ ነው። ወዲዓ አደራ ነው። ባንኩ ሙሉውን ለመመለስ ዋስ ነው፤ በምላሹ ምንም አይከፍልዎትም። ለባንክ ከዚህ የረከሰ ገንዘብ የለም። በአገራችን በዚህ አገልግሎት የሚሰበሰበው ተቀማጭ ለደንበኞች ከሚሰጠው ፋይናንስ በብዙ ሲበልጥ መቆየቱም የታወቀ ነው። ስለዚህ የእርስዎን 900 ሺህ በነፃ ይዞ፣ መልሶ ለእርስዎው በ29 በመቶ ስሌት የሚሸጥ ባንክ «ወጪዬ ከባድ ነው» ሲልዎት ፈገግ ይበሉና ይደራደሩ። የሙራባሃ ትርፍ ሊደራደሩበት የሚቻል ነው። የሽያጭ ዋጋ ነውና።

ወዲዓውን ወደ ሙዳራባ ማዞር የሚለውን ምክር በተመለከተ፣ መካሪዎ ክፉ አላሰቡም። ነገር ግን ሙዳራባ ቁጠባ ሳይሆን ሽርክና ነው። እርስዎ ገንዘብ ያመጣሉ፤ ባንኩ ሥራውን ይሠራል። ትርፍ ከተገኘ አስቀድሞ በተስማማችሁበት ድርሻ ትካፈላላችሁ። ለምሳሌ የእርስዎ ድርሻ 60 የባንኩ 40 ከሆነና የተዋጣው ገንዘብ በዓመት ከ100 ብር 12 ብር ካተረፈ፣ ለእርስዎ 7 ብር ከ20 ሳንቲም ይደርስዎታል። ከከሰረ ደግሞ የገንዘቡ ኪሳራ የእርስዎ ነው፤ ባንኩ የደከመበት በከንቱ ይቀራል። ባንኩ ካሳ ሊጠየቅ የሚችለው ቸልተኛ ከነበረ ወይም ውሉን ከጣሰ ብቻ ነው። አስቀድሞ «ይህን ያህል በመቶ እሰጥሻለሁ» ብሎ የሚፈርም ሙዳራባ ሙዳራባ አይደለም።

«ታዲያ የሚከፍሉት ትርፍ ለምን በየወሩ ተመሳሳይ ይሆናል?» የሚል ሰው አለ። ጥሩ ጥርጣሬ ነው። ባንኮች ገበያው ሲሞቅ ከትርፉ ትንሽ ያስቀራሉ፤ ሲቀዘቅዝ ከዚያ እየጨመሩ ያከፋፍላሉ። አንዳንዴም ከራሳቸው ድርሻ ቀንሰው ለደንበኛ ይሰጣሉ። ምክንያቱም ትርፉ ከጎረቤት ባንክ ወለድ በታች ከወረደ ሰው ገንዘቡን ያወጣል። ስለዚህ በወረቀት ኪሳራው የደንበኛው ቢሆንም፣ በተግባር ባንኩ የሚሸከመው ብዙ ነው። ኳላ ላምፑር ያለው የእስልምና ፋይናንስ አገልግሎቶች ቦርድ ባንኮች ለዚህ ስጋት ካፒታል እንዲይዙ መመሪያ ያወጣው ለዚሁ ነው። የማስቀረቱ አሠራር የተፈቀደ ነው። ግን ስንት እንደሚያስቀሩ ሊነገርዎት ይገባል።

ለእርስዎ የምለው ይህን ነው። ሊከፍሉበት ቀን የቆረጡለትን ገንዘብ ሙዳራባ ውስጥ አያስገቡ። ባለዕዳ እየሆኑ ባለሀብት መሆን ትርፍ የለውም። ዋጋ ግሽበቱ ወዲዓ ላይ ያለውን ብር እንደሚበላው አውቃለሁ። መድኃኒቱ ግን ብሩን ዕቃው ላይ ማዋል ነው።

ከመፈረምዎ በፊት የማስጠነቅቅዎት ሦስት ነገር አለ።

አንደኛው ትልቁ ነው። አንዳንድ ሰው ከዕቃ ሻጭ ጋር ተስማምቶ ፕሮፎርማ ያሠራና፣ ባንኩ ለሻጩ ሲከፍል ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል። ዕቃ አልተገዛም። አልተጫነም። ሻጩ «ለድካሜ» ብሎ ትንሽ ይቆርጣል። ይህ ከወለድም ይብሳል፤ ወለዱ እንዳለ ሆኖ ማታለል ተጨምሮበታል። ሌላ አገር ይህንኑ በሥርዓት ለመሥራት ተውሩቅ የሚሉትን መንገድ ተጠቅመዋል፤ ዕቃ በዱቤ ገዝቶ ወዲያው ለሦስተኛ ሰው በጥሬ ሸጦ ብር መያዝ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ሻርጃ ላይ ተሰብስቦ ባንኮች የሚያደራጁት ተውሩቅ አይፈቀድም ብሏል። ለዱቄት መግዣ ብር ካጠረዎት ዱቄቱን ራሱን በሙራባሃ ይጠይቁ። ዱቄት ዕቃ ነው። ለሠራተኛ ደመወዝ ግን ሙራባሃ አይሆንም፤ የሚገዛ ነገር የለምና።

ሁለተኛው ውክልና ነው። ባንኮች አስመጪ ለማነጋገር ሰው ስለሚያጥራቸው ደንበኛውን ራሱን «ወኪላችን ሆነሽ ግዢልን» ይላሉ። የተፈቀደ ነው፤ ግን ጣጣ አለው። ክፍያው በቀጥታ ከባንኩ ወደ ሻጩ ይሂድ፤ በእርስዎ እጅ አይለፍ። ደረሰኙም በባንኩ ስም ይሁን። ወኪል ሆነው ገዝተው ሳለ ዕቃውን ለራስዎ የሚያስተላልፉ እርስዎው አይሁኑ። ባንኩ «ሸጥኩልሽ» ይበል፤ እርስዎ «ገዛሁ» ይበሉ።

ሦስተኛው አስቀድመው የሚያስገቡት ብር ነው። ሽያጩ እስኪፈረም ድረስ ያ ገንዘብ የቁርጠኝነት ማስያዣ እንጂ ክፍያ አይደለም። ደረሰኙ ላይ እንዲህ ይጻፍ። ባንኩ ኦቭኑን ማምጣት ካልቻለ ሙሉው ይመለሳል። እርስዎ ሐሳብዎን ከቀየሩ ባንኩ ዕቃውን ለሌላ ሲሸጥ በእርግጥ የከሰረውን ብቻ ይቆርጣል። «አገኘው የነበረ ትርፍ ቀረብኝ» ብሎ መቁረጥ አይችልም።

ቀድሞ መክፈልን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በወለድ ብድር ቀድሞ የከፈለ ሰው ቀሪው ወለድ ይቀርለታል። በሙራባሃ ዋጋው የተቆረጠ ስለሆነ ቀድመው ቢከፍሉ ቅናሽ የመጠየቅ መብት የለዎትም። ባንኩ በፈቃዱ ሊቀንስልዎት ይችላል፤ ብዙዎቹም ይቀንሳሉ። ማሌዥያ ውስጥ ማዕከላዊ ባንኩ እንዲቀንሱ ያስገድዳል። እኛ ዘንድ በደንበኛና በባንክ መካከል ባለ መግባባት ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ «በሁለት ዓመት ከፍዬ እገላገላለሁ» ብለው የሦስት ዓመት ውል አይፈርሙ። ሁለት ዓመት ካሰቡ የሁለት ዓመት ውል ይፈርሙ።

ኢጃራም አለ። ባንኩ ኦቭኑን ገዝቶ ያከራይዎታል፤ በመጨረሻ ንብረቱ ወደ እርስዎ ይዞራል። እስከዚያ ድረስ ንብረቱ የባንኩ ስለሆነ ኦቭኑ በእርስዎ ጥፋት ሳይሆን ከጥቅም ውጪ ቢሆን ኪራዩ ይቆማል። ለማሽን ጥሩ ውል ነው። ቅርንጫፍዎ ካለው ይጠይቁ፤ ከሌለው ግን ለእሱ ብለው ሥራ አያቁሙ።

ስለዚህ ነገ ወደ ባንኩ ተመልሰው ይህን ይበሉ። ከራስዎ የሚያስገቡትን ከ500 ሺህ ወደ 700 ሺህ ያሳድጉ። ቀሪው 1.3 ሚሊዮን በ24 ወር ይሁን። 17 በመቶው በሚቀንስ ዕዳ ይታሰብ። ሲሰላ ወርሃዊ ክፍያዎ 64,275 ብር ገደማ ይመጣል። አሁን ከቀረበልዎት ከ62,917 ብር ጋር ያስተያዩት። በወር የሚጨምረው 1,360 ብር አካባቢ ነው፤ አንድ ሙሉ ዓመት ግን ቀድመው ይጨርሳሉ። ትርፉ ከ765 ሺህ ወደ 243 ሺህ ገደማ ይወርዳል። ከኪስዎ በጠቅላላው የሚወጣው ደግሞ በ520 ሺህ ብር ያህል ይቀንሳል። በዚያ ብር ሌላ ማቡኪያ መግዛት ይቻላል።

ከወዲዓው የሚቀርዎት 200 ሺህ እዚያው ይቀመጥ። የሦስት ወር ክፍያ ነው። መብራት ሲጠፋና ዱቄት ሲወደድ የሚያድንዎት እሱ ነው።

ባንኩ ከፍላት አልወርድም ካለ፣ የእነሱን ወረቀት ይዘው ሌላ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይጠይቁ። ሁለት ሦስት ቦታ አንድ ዓይነት ፕሮፎርማ ይስጡና የጠቅላላ ብሩን ቁጥር ብቻ ያወዳድሩ። ሁሉም ቦታ ፍላት ሆኖ ከተገኘ፣ በዚሁ 1.3 ሚሊዮንና 24 ወር ወርሃዊው 72,583 ብር ይሆናል። ከ140 ሺህ ገቢ ላይ ይከብዳል፤ ግን አዲሱ ኦቭን የሚጨምረውን ዳቦ ካሰቡት ይቻላል። የሦስት ዓመቱን ፍላት ግን በምንም ዓይነት አይፈርሙ።

ለፊርማ በሚጠሩበት ቀን ደግሞ መነጽርዎን ይዘው ይሂዱ። ባንኩ ኦቭኑን የገዛበትን ደረሰኝ «ላየው» ይበሉ። ስሙ የባንኩ መሆኑን፣ ቀኑም ከፊትዎ ካለው የሽያጭ ውል ቀን የቀደመ መሆኑን ይመልከቱ። ደረሰኙ ገና ነው፣ በኋላ ይመጣል ካሉዎት፣ ሻይዎን ጠጥተው ወደ ዳቦ ቤትዎ ይመለሱ፤ ሲመጣ ይደውሉልዎታል።